መስታወቱን ማን መታው?

ዛሬ ስለ ፖለቲካም ስለ ኑሮ ውድነትም አናወራም (ኑሮው ራሱ በየቀኑ እያወራችሁ ስለሆነ)። ዛሬ የምናወጋችሁ ሦስት ልጆች ይዘን ቤተ መንግሥት ስለገባንበት ቅዳሜ ነው። «ገባን» ስንል ተሹመን እንዳይመስላችሁ፤ ትኬት ቆርጠን ነው።

በቅድሚያ «እኛ» ማለት እነማን እንደሆንን እንንገራችሁ። እኛ ሁለት እህትማማቾች ነን። አንዳችን አካውንቲንግ ተምራ ባንክ ቤት ትሠራለች፤ አንዳችን ደግሞ ጋዜጠኝነት ተምራ ይኸው እዚህ ትሞነጫጭራለች። የታክሲ የምትከፍለው የትኛዋ እንደሆነች መገመቱን ለእናንተ ትተነዋል። ልጆቹ የወንድማችን ናቸው። ትልቁ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ መካከለኛዋ ስምንት፤ ሚጢ ደግሞ አምስት። ወንድማችንና ሚስቱ ለሠርግ ክፍለ ሀገር ሲሄዱ ለሁለት ቀን አደራ ሰጡን። ከአደራው ጋር ደግሞ የቤት ሥራ ተከትሎ መጣ። ትልቁ ከትምህርት ቤት «አንድ ታሪካዊ ቦታ ጎብኙና ያያችሁትን በአንድ ገጽ ጻፉ» ተብሎ ኖሯል።

«ታዲያ አንድነት ፓርክ እንሂድ!» አሉ ሦስቱም በአንድ ድምፅ። የምኒልክ ግቢ በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ የአዲስ አበባ ልጅ ቤተ መንግሥት ሲባል ቶሎ የሚመጣለት እሱ ነው። እነሱን የሚስባቸው ግን ዙፋኑ ሳይሆን አንበሳው ነበር። እኛ ደግሞ የወሩን መጨረሻ አስበን (ቅዳሜው ወር ሊወጣ አራት ቀን ሲቀረው ነበር) «ስድስት ኪሎም ቤተ መንግሥት አለ» አልናቸው።

«አንበሳ አለው?» አለች ሚጢ።

«አለው» አልናት።

አልዋሸንም። ትንሽ ቆይታችሁ ታያላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብን። ስድስት ኪሎ ግቢ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጋዜጠኛዋ በተማሪነቷ ዘመን ኬኔዲ ላይብረሪ ወንበር ለመያዝ ስትሮጥ፣ ከዛፎቹ ሥር ተቀምጣ ሃንድአውት ስታነብና ሻይ ስትጠጣ ብዙ ጊዜ አሳልፋለች። በቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት በቀን አራቴ አልፋለች። ወደ ውስጥ ግን አንድም ቀን አልገባችም። «ነገ እገባለሁ፤ የትም አይሄድ» እያለች ዓመታቱ አለቁ፤ ጋውን ለብሳ በሩ ላይ ፎቶ ተነስታ ወጣች። አሁንም ያ ፎቶ ሳሎናችን ተሰቅሏል። ከኋላዋ የሚታየው ሕንፃ ውስጥ ምን እንዳለ ግን በዓይኗ አይታ አታውቅም ነበር። ከእናንተ መካከል ስንቶቻችሁ እንደኛ ናችሁ? እጅ አታውጡ፤ እናውቃችኋለን።

ለማንኛውም በአራት ኪሎ በኩል በታክሲ ወጥተን፣ ሚጢን ተራ በተራ እየተሸከምን ግቢው ደረስን። የቤቱ ስም ገነተ ልዑል ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከጣሊያን ወረራ በፊት ያሠሩት መኖሪያቸው ነበር። ዛሬ የምናውቀው እንደ ዩኒቨርሲቲ ግቢና እንደ ሙዚየም ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ሲቋቋም ቤቱን ያደረገው እዚሁ ነው፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተርም ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ይህን ሁሉ ለልጆቹ ስናብራራ ሚጢ በጉንዳን መንገድ ላይ ተጠምዳ ነበር።

ከቤቱ ፊት ለፊት አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ወደ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣ የሲሚንቶ ደረጃ ነው፤ የትም አያደርስም። ፎቅ የለው፣ በር የለው፤ ወጥቶ ወጥቶ ሰማይ ላይ ያቆማል። ጫፉ ላይ አንድ አንበሳ አለ።

«ይኸው አንበሳሽ» አልናት ሚጢን።

ቀና ብላ አየችው። ከዚያ እኛን አየችን። «ይሄ እኮ ድንጋይ ነው! ደግሞ ድመት ነው የሚያክለው!» አለችና ለቅሶ ጀመረች። ከለቅሶው የገላገለን መካከለኛዋ ያመጣችው ውድድር ነው፤ ደረጃውን መቁጠር። ሦስቱ ቆጠሩ፤ ሦስት የተለያየ ቁጥር አመጡ። እኛም ቆጠርን፤ አራተኛና አምስተኛ ቁጥር ጨመርን። ባንክ የምትሠራው እህት መለያየቷ ትንሽ አሳስቦናል።

«ግን የት ነው የሚያወጣው?» አለ ትልቁ፣ ደብተሩን አውጥቶ።

ነገርነው። ጣሊያኖች ከተማዋን ይዘው በነበረበት ጊዜ ነው የሠሩት። እያንዳንዱ ደረጃ ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሥልጣን ከያዘበት እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ የሚቆጠር አንድ የፋሺስት ዓመት ነው። በሰው አገር ቤተ መንግሥት ደጃፍ ላይ የራሳቸውን ዕድሜ ይቆጥሩ ነበር ማለት ነው። ከተባረሩ በኋላ የይሁዳ አንበሳ ጫፉ ላይ ተቀመጠ።

«ለምን አላፈረሱትም?» አለ ትልቁ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። «ቢፈርስ ኖሮ ዛሬ አንተ አትጠይቅም ነበር» አልነው። ይህችን መልስ ስንመልስ በራሳችን ኮርተን ነበር። ኩራታችን ግን የቆየው ዋናው መግቢያ እስክንደርስ ድረስ ብቻ ነው።

ምክንያቱም ዋናው መግቢያ ያለው ደረጃ ተራ ደረጃ አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዓርብ ዕለት ግራዚያኒ የቆመው እዚያ ነው። ዕለቱ የጣሊያን አልጋ ወራሽ ልጅ መወለድ የሚከበርበት ነበር። ለድሆች ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ሕዝብ ተጠርቶ ግቢው ሞልቷል። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ ግቢው ውስጥ ምጽዋት ሊቀበል የመጣው ሰው ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከተማው ውስጥ ግድያና ቃጠሎ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ያወጣው የሟቾች ቁጥር 30 ሺህ ነው። ከግቢው ወጣ ብሎ አደባባዩ ላይ ያለው ሐውልት የእነሱ መታሰቢያ ነው። በታክሲ ስናልፍ «ስድስት ኪሎ ወራጅ!» የምንለው ማለት ነው።

ይህን ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ መንገር ይቻላል። ለስምንት ዓመት ልጅ እየቀነሱ ይነገራል። ለአምስት ዓመት ልጅስ? እኛ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ለትልቁ ስንናገር ሚጢ የምትሰማ አልመሰለንም ነበር። ልጅ ግን የሚሰማው ጆሮውን ስታዞሩለት አይደለም፤ ጀርባውን ስትሰጡት ነው።

«ድሆቹ ምን አጥፍተው ነው?» አለች።

እንግዲህ መልሱ! አንዳችን «ምንም አላጠፉም» አልን። ሌላኛዋ «በቃ አልፏል የኔ ቆንጆ፣ ድሮ ነው» አልን። የመጀመሪያው መልስ እውነት ነበር፤ ሁለተኛው ግን እሷን ዝም ለማሰኘት የተባለ ነው። ትልቁ ደግሞ በበኩሉ ቀጠለ፤ «ግራዚያኒስ ታሰረ?» ትንሽ ታስሯል። እ.ኤ.አ. በ1950 የጣሊያን ፍርድ ቤት 19 ዓመት ፈርዶበት ነበር፤ የፈረደበት ግን ከናዚ ጋር በመተባበሩ እንጂ በእኛ ደም አይደለም። እሱንም ቢሆን ጥቂት ወር ብቻ ነው የታሰረው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ መታሰቢያ ተሠርቶለታል። ትልቁ ይህን ሁሉ ጻፈና «ይሄ ታሪክ መጨረሻው ደስ አይልም» አለን። ታሪክ ያልጻፍነው እኛ ይመስል «ይቅርታ» አልነው።

ወደ ውስጥ ገባን። እውነት እንናገርና ውስጡ ለልጅ የተሠራ ነው የሚመስለው። ዕቃዎቹ በየብሔረሰቡ ወይም በየክፍለ ሀገሩ አልተደረደሩም፤ እንደ ሰው ዕድሜ ነው የተደረደሩት። መወለድና ልጅነት ይጀምራል፣ ጉልምስና ይከተላል፣ መጨረሻው ሞትና ከሞት በኋላ ያለው ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ያለው ዕቃ ከደቡብም ከሰሜንም ከምሥራቅም ከምዕራብም ይመጣል፤ የሚያገናኘው ሁሉም መወለዱ፣ ሁሉም ማግባቱ፣ ሁሉም መሞቱ ነው። ስንት ስብሰባ፣ ስንት ወርክሾፕ ያልገባንን ነገር በአንድ መተላለፊያ ተረዳነው። ልጆቹ የልጅነቱ ክፍል ላይ ተጣበቁ። ከላይ ፎቅ ደግሞ ክራሩና በገናው፣ የድሮዎቹ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አሉ። መካከለኛዋ ሥዕሎቹን ዞራ «ለምንድን ነው የሁሉም ዓይን ትልቅ የሆነው?» አለች። «በደንብ እንዲያዩን» አለቻት ሚጢ። ይህን መልስ በነፃ ለተቋሙ ለግሰናል።

ከዚያ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት።

መኝታ ቤቱ፣ ልብስ መቀየሪያውና መታጠቢያ ቤቱ ተጠብቀው ቆይተዋል። ልጆቹ ከገመድ ማዶ ቆመው አፈጠጡ። በቤታችን ቲቪ ላይ «ግርማዊነታቸው» ሲባል ሰምተው የሚያውቁት ሰውዬ እንደማንኛውም ሰው ይተኛ፣ ይታጠብም ነበር።

«ለእሳቸውም ውሃ በፈረቃ ነበር የሚመጣው?» አለች መካከለኛዋ ገንዳውን እያየች።

ሳቃችን መለሰን። አስጎብኚው ወጣትም ሳቀ። እየሳቅን ሳለ ሚጢ መስታወቱን አየችው።

«እዚህ ቀዳዳ አለ!»

አለ። ጥይት የመታው ነው።

«ማን ነው የመታው?»

አስጎብኚው የለመደ ሰው ነውና ለልጅ በሚሆን ቋንቋ ነገራቸው። በ1953 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ንጉሡ ብራዚል ለጉብኝት ሄደው ሳሉ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጀነራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መንግሥት ሊገለብጡ ተነሡ። ትልልቆቹን ሹማምንት ጠርተው እዚህ ቤት ውስጥ ያዟቸው። ጦር ሠራዊቱ ግን ከእነሱ ጋር አልሆነም፤ ከተማው ውስጥ ውጊያ ተደረገ። ክቡር ዘበኛ እየተሸነፈ ሲመጣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ በነበሩት ሹማምንት ላይ ተተኮሰባቸው። ከአሥር በላይ ሰዎች ሞቱ። ራስ ሥዩም መንገሻ፣ አቶ መኮንን ሀብተ ወልድ፣ ጀነራል ሙሉጌታ ቡሊ፣ ራስ አበበ አረጋይ...

ራስ አበበ አረጋይ አምስቱን ዓመት ሙሉ ሸዋ ውስጥ ጣሊያንን ሲዋጉ የኖሩ ናቸው። ጀነራል ሙሉጌታ ደግሞ ክቡር ዘበኛን ራሱን ቀድሞ ያዘዙ ሰው ነበሩ። ጀነራል መንግሥቱ ተይዘው በስቅላት ተቀጡ። ንጉሡም ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት መኖር አልፈለጉም፤ ቤታቸውን ለትምህርት ሰጡት። በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው በይፋ ተከፈተ።

ትልቁ እስክሪብቶውን አንሥቶ «ክቡር ዘበኛ ማለት ምን ማለት ነው?» አለ።

«ንጉሡን የሚጠብቅ ጦር ነው» አለው አስጎብኚው።

«ታዲያ የሚጠብቀው ነው የመታው?»

እኛ በዚህ ጊዜ አልሳቅንም። እርስ በርሳችንም አልተያየንም። ልጆቹ የማያውቁት፣ እኛ ግን የምናውቀው አንድ ነገር ነበር፤ የእኛ አያት፣ የእነሱ ቅድመ አያት፣ በ1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ።

ወዳጆቻችን፣ በየቤቱ የማይወራ ነገር አለ አይደል? በእኛ ቤት እሱ ነው። እማማ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሁሉም ሰው ተሰቅሏል። የሠርግ ፎቶ፣ የክርስትና ፎቶ፣ የተመራቂዎች ፎቶ፣ አሜሪካ ያለው አጎታችን ከመኪናው ጋር። አባባ ግን በሲቪል ልብስ፣ አርጅተው፣ ጋቢ ደርበው ነው ያሉት። የወታደር ልብስ ለብሰው፣ ቀጥ ብለው የተነሱት ፎቶ ያለው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ከነጠላዎቹ ሥር፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ። ልጆች ሆነን አንድ ቀን ሳጥኑን ከፍተን አግኝተነው ነበር። እማማ ቀምተውን መልሰው ጠቀለሉት፤ አልተቆጡንም፣ ምንም አላሉንም። አለመቆጣታቸው ነው የገረመን። አባባ እኛ ትንንሾች ሳለን ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ጠይቀን አናውቅም። በተለይ አንደኛችን፣ አራት ዓመት «ጠያቂ ሁኚ፣ ምንጭሽን አጣሪ» ሲባልላት የተማረችው፣ ለሰፈር ሰው ሁሉ ማይክ ስትደቅን፣ ቤቷ ያለችውን ምንጭ አንድም ቀን አልጠየቀችም።

«አክስቴ፣ የመታው ሰው ስሙ ማነው?» አለች ሚጢ አሁንም። ይቺ ልጅ ጋዜጠኝነት ያልተማረች ጋዜጠኛ ናት።

«አይታወቅም» አልን።

ይህ ውሸት አይደለም። ያንን ጥይት ማን እንደተኮሰው አናውቅም። ግን እውነትም አልነበረም፤ የምናውቀውን አፍነን ስለነበር። ከመስታወቱ ስር ቆመን የራሳችንን ፊት በቀዳዳው ዙሪያ እያየን፣ ለልጅ «አይታወቅም» ማለት ምን ያህል እንደሚቀል ገባን። እማማም ለእኛ ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

ከግቢው ወጥተን ለሦስቱም ብስኩት ገዛን። ታክሲ እየጠበቅን ሁለታችን ተማከርን። አንደኛችን «ለልጅ ምን ያደርግለታል? ቆይ ይደጉ» አልን። ሌላኛችን «እኛ አድገን ምን አደረግን?» አልን። ማን የቱን እንዳለ አሁን እናንተ ፊት አንካሰስም። ብቻ ታክሲው ሲመጣ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ እማማ ቤት ሄድን።

እማማ ሰማንያውን አልፈዋል። ጉልበታቸው ያስቸግራቸዋል እንጂ ጆሯቸውና አፋቸው ደህና ነው። ቡና አስፈላን። ልጆቹ ቆሎ ላይ ተረባረቡ። እኛ ነገሩን እንዴት እንደምንጀምረው ስናወጣ ስናወርድ፣ ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ሚጢ ጀመረችልን።

«እማማ! የንጉሡ መስታወት ቀዳዳ አለው! ጥይት ነው!»

ሲኒው ከእማማ እጅ አልወደቀም፤ እንደ ፊልም አልሆነም። ወደ ሚጢ ዘንበል አሉና፣ «እስካሁን አለ እንዴ መስታወቱ?» አሉ።

«አለ! ማን እንደመታው አይታወቅም አሉን።»

እማማ ወደ እኛ ዞሩ። እኛ ወደ ረከቦቱ አቀረቀርን። ቆየት ብለው አንዳችንን «ሳጥኑን ክፈቺው እስቲ» አሉ።

ፎቶው ወጣ። ሦስቱ ልጆች ጭንቅላታቸውን አገጣጥመው አዩት። ትልቁ ልብሱን አይቶ ገባው፤ ምንም ሳይል ደብተሩን ዘጋ። ይህን ሲያደርግ ያደገብን መሰለን። እማማም ነገሩን። በራሳቸው አነጋገር እንንገራችሁ፦

«ማክሰኞ ማታ ነው የተጠራው። የመጀመሪያ ልጄ አጎታችሁ ጀርባዬ ላይ ነው፤ ገና አራስነቴም አልወጣልኝ። 'ጃንሆይ ባሕር ማዶ ናቸው፤ ቤታቸውን ጠላት ሊነካው ነው፤ ልንጠብቅ ነው' ብሎኝ ሄደ። እሱ የተባለው ይኸንን ነው፤ እኔም ያወቅሁት ይኸንን ነው። በሬዲዮ ሌላ ይላል፤ ጎረቤት ሌላ ይላል። ሐሙስ ተኩሱ ተጀመረ። ልጄን ይዤ አልጋ ሥር ገባሁ። ቅዳሜ ንጉሡ ገቡ ተባለና ሰው ሁሉ እልል እያለ ወጣ። እኔም ወጣሁ። ባሌ ከማን ወገን ሆኖ እንደተዋጋ፣ ይኑር ይሙት ሳላውቅ፣ ልጄን አዝዬ እልል አልሁ። እልል ያላለች ሴት በዚያን ቀን ምን ትባል ነበር?»

ዝም አልን። ጀበናውም ዝም ያለ መሰለን።

«ከዚያስ?» አለች መካከለኛዋ።

«ከዚያማ ታስሮ፣ ከወራት በኋላ ከስቶ መጣ። ከጦሩ ወጥቶ ግንበኛ ሆነ። ስድስት ኪሎን አያልፍም ነበር። ጉለሌ ሥራ ቢያገኝ እንኳ ዞሮ ነው የሚሄደው። 'ምነው መንገድ ታረዝማለህ?' ስለው 'ይሻለኛል' ይለኝ ነበር፤ ሌላ አልጠየቅሁትም።»

«አባባ ነው መስታወቱን የመታው?» አለች ሚጢ፤ ከሁላችን አንደበት ላይ የነበረውን።

«አልጠየቅሁትም ልጄ። እሱም አልነገረኝም። አርባ ዓመት አብረን ተኝተን አልጠየቅሁትም።» ቆም ብለው ጨመሩ። «አሁን ብጠይቀው ጥሩ ነበር እላለሁ።»

እኛ ይህን ሁሉ የምንነግራችሁ አባባን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ተታልሎ የገባ ወታደርም ተኩሶ ሊሆን ይችላል። አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ የሞቱትም ልጆችና የልጅ ልጆች አሏቸው፤ ምናልባት አንዳቸው ይህን እያነበባችሁ ይሆናል። እናንተም ያንን ቤት ስታስቡ የሚመጣባችሁ ሌላ ሳጥን፣ ሌላ ፎቶ ነው። ስለ ታኅሣሡ ግርግር ስናነብ «ጀግኖች ናቸው» የሚል አለ፤ «ከሃዲዎች ናቸው» የሚልም አለ። በጊዜው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጥተዋል፤ እማማ ደግሞ እልል ብለዋል። ሁሉም በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ከተማ ውስጥ። እኛ ከዚህ ሁሉ መካከል አንዱን ቆርጠን ለልጆቹ ልንሰጥ እንችል ነበር። አልሰጠንም። ከጀግናና ከከሃዲ መካከል «የሚባለውን ሰምቶ የሄደ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ» የሚባል ሰው እንዳለ ግን አሳየናቸው። ዕድሜው የእኛ ዕድሜ ነው። ዛሬም በዚህ አገር፣ በዚያው ዕድሜ፣ የተባለውን ሰምቶ የሚሄድ ስንት አለ? ይህን እንኳ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም።

ማታ ትልቁ አንድ ገጹን ጻፈ። ሆሄ እንድናርምለት ሰጠን። ስለ ደረጃው ጽፏል፤ ስለ የካቲት 12 ጽፏል፤ ስለ መታጠቢያ ቤቱ ጽፏል (ፈረቃውን እህቱ ናት ያስጨመረችው)። መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል፦ «በንጉሡ መስታወት ላይ የጥይት ቀዳዳ አለ። የተኮሰው ሰው አይታወቅም። ቅድመ አያቴ የንጉሡ ዘበኛ ነበረ። በዚያን ጊዜ ምን እንዳደረገ ማንም አልጠየቀውም።» አንደኛችን ለማረም እስክሪብቶ አንሥታ ነበር፤ መልሳ አስቀመጠችው። አንዲት «ሀ» ብቻ ተሳስቷል፤ እሷንም ተውናት።

ምክር ከፈለጋችሁ፤ ልጅ ይዛችሁ ሙዚየም ሂዱ። ውሃና ብስኩት ያዙ። የሚያለቅስ ልጅ ካለ አንበሳ አለ ብላችሁ ቃል አትግቡ። ከሁሉም በላይ ግን ቤታችሁ ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ሳይረፍድ ጠይቁ። ሙዚየሙ ነገም ሊኖር ይችላል፤ እማማ ግን ሰማንያውን አልፈዋል።

ከእማማ ቤት ስንወጣ የሆነውን ነግረናችሁ እንሰናበት። በር ላይ ቆመው ሚጢን ሲስሙ ድንገት «እኔስ ገብቼ ባየው?» አሉ። «ስልሳ ምናምን ዓመት ስሙን ስሰማ ኖርኩ እንጂ ደጁንም ረግጬው አላውቅ። ደረጃው ግን ብዙ ነው?» ያሰቡት ጉልበታቸውን ነው። ሦስቱ ልጆች ግን ስለዚያ ወደ ሰማይ ስለሚወጣው የሲሚንቶ ደረጃ የተጠየቁ መስሏቸው ሦስት የተለያየ ቁጥር ጮኹ፤ እዚያው በር ላይም ጠብ ተነሣ።

«እንግዲያ ሄጄ ራሴ እቆጥረዋለሁ» አሉ እማማ።

በሚቀጥለው ደመወዝ ኮንትራት ታክሲ ይዘን እንወስዳቸዋለን። የባንኳ እህት ትከፍላለች።

ቸር ያሰንብተን!